ለፍቅር እስከ መቃብር የትኛው ሽፋን ይሻላል፦ የፍቅረኞቹ ፊት ወይስ ደበሎና ካባ?

በ1958 ዓ.ም ለታተመው የሀዲስ አለማየሁ ልብወለድ ፍቅር እስከ መቃብር አዲስ ሽፋን እንስራ ብንል እኔ የሚታዩኝ ሁለት መንገዶች ናቸው።

አንደኛው ሰብለወንጌልንና በዛብህን ፊት ለፊት መሳል ነው። ገና ሲያዩት የፍቅር ታሪክ መሆኑ ይገባል፣ መደብር ውስጥም አይን ይይዛል። ግን አንባቢው በራሱ ሀሳብ የሚስላትን ሰብለን ቀድመን ወሰንንለት ማለት ነው፣ ደግሞ መፅሀፉ የሁለት ሰው ፍቅር ብቻ አይደለም እኮ፣ ስርአቱን የሚሞግተው ጉዱ ካሳ የት ገባ?

ሁለተኛው ሰው የሌለበት ነው፤ የቆሎ ተማሪ (የቤተ ክህነት ተማሪ) የሚለብሰው የበግ ቆዳ ደበሎና የመኳንንት ካባ ጎን ለጎን ተሰቅለው መሀላቸው ባዶ። ለኔ ይሄ በጣም ይበልጣል ምክንያቱም ሁለቱን የለያያቸው ነገር መልካቸው ላይ አይደለም ያለው፣ አንዱ የድሃ ልጅ አንዷ የፊታውራሪ ልጅ መሆናቸው ነው፣ ያ ደግሞ ልብሱ ላይ በደንብ ይታያል። ባዶው ቦታ ርዕሱን በትልቁ ለመፃፍም ይመቻል፣ ስልክ ላይ አንሶ እንኳን ይነበባል። ችግሩ ደበሎ አይቶ ለማያውቅ ወጣት ተራ ቆዳ ሊመስለው ይችላል፣ ስለዚህ ፀጉሩ በደንብ ይውጣ፣ ተማሪው ምግብ የሚለምንበት አኮፋዳም አጠገቡ ይንጠልጠል፣ የካባው የወርቅ ጥልፍ ደግሞ ብቸኛው ደማቅ ቀለም ይሁን።