ባቄላ ቆጥራ ከዕዳ ላወጣችኝ ልጅ

ሰላም የደሴ ሰዎች፣ የኮምቦልቻም። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም። የሰው ጽሑፍ የማነበውም ልጄ ስልኩን ሲለቅልኝ ነው። ዛሬ ግን ሊጡን አቡክቼ ቁጭ ስል ልቤ እምቢ አለኝ። ላመሰግናት የሚገባ አንዲት ልጅ አለች። ስሟን ልጽፍ ነው ስላት «እትዬ፣ ስሜን ካወጡት እንጣላለን» አለችኝ። ይቅር እሺ። የሰፈሬ ሰዎች ማንን እንደማወራ ታውቃላችሁ።

ይረዝማል፤ ጀበናችሁን ጥዳችሁ አንብቡት።

እንጀራ ጋግሬ ነው የምተዳደረው። ከዚያ በፊት በሴፍቲኔት፣ መንግሥት ለተቸገረ ሰው ሥራ ሰጥቶ በሚከፍልበት ፕሮግራም፣ ታቅፌ መንገድ እጠርግ ነበር። ሴፍቲኔቱ በከተማ ሲጀመር ከገባባቸው 11 ከተሞች ደሴ አንዷ ነበረች። በጠዋት፣ ጦሳ ተራራ ገና በጉም ተሸፍኖ፣ መጥረጊያችንን ይዘን እንወጣለን። ከምናገኘው ላይ 20 በመቶው በየወሩ ይቆጠባል። ያኔ «ልጅ ሳይጠግብ የምን ቁጠባ ነው» እያልኩ አማርር ነበር። ሲያልቅ ግን ያ ቁጠባና የመቋቋሚያው ብር ተደምሮ የኤሌክትሪክ ምጣድ አስገዛኝ። ምጣዱ ቤት የገባ ቀን ጎረቤት ጠርቼ ቡና አፍልቻለሁ። ሙሽራ የገባ ነው የሚመስለው።

ከዚያ ጥቅምት 2014 ጦርነቱ መጣ። የሚያውቅ ያውቀዋል፣ እሱን አላወራም። ልጆቼን ይዤ ደብረ ብርሃን ገባሁ። ስመለስ ምጣዱ የለም፣ የዱቄት በርሜሉ የለም፣ በሩ እንኳ የለም።

ተበደርኩ። ከየት እንደሆነ አልጽፍም። አምስት ሴቶች እርስ በርስ ዋስ ተጠራርተን ወሰድን። ከአምስታችን አንዷ ከተማ ለቃ ጠፋች፣ ዕዳዋ እኛ ላይ ወደቀ። ፈርሜያለሁ፣ እከፍላለሁ፣ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ግን ሰው እንዲህ ይናገራል? ሊያስከፍል የመጣው ልጅ ከመጀመሪያ ልጄ ብዙ አይበልጥም። በሬ ላይ ቆሞ፣ ጎረቤት እየሰማ፣ «ስትወስጂማ ጥርስሽ አይከደንም ነበር» አለኝ። እንጀራ ሳወጣ ይቺ ቃል ድንገት ትመጣብኛለች፣ እስከ ዛሬ።

ቢሯቸው ስሄድ «ነገ ነይ»። ነገ ስሄድ «ኃላፊው ስብሰባ ነው»። አንድ ቀን ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት ቆምኩ። የጠየቅኩት አንድ ነገር ነው፣ ስንት ቀረብኝ? ይህን የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ወረቀት ይሰጡኛል፣ ወረቀቱ በቁጥር የተሞላ ነው፣ ይዤው ወደ ቤት እመለሳለሁ።

ከዕዳው ልውጣ ብዬ ዕቁብ ገባሁ። የዕለት ዕቁብ፣ 50 ብር። ዕጣዬ ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰብሳቢው ስልኩን ዘጋ፣ ተዘጋ ቀረ። ዕቁብ ክፉ ነው ያልኩ እንዳይመስላችሁ፤ እናቴ በዕቁብ ነው ያሳደገችን። ሰውየውን ለአላህ ሰጥቼዋለሁ። እሱም ልጆች አሉት።

እንግዲህ በዚህ ሆዴ ነው ጎረቤቴ መጥታ «የቁጠባ ቡድን ግቢ» ያለችኝ። ራስ አገዝ ነው የሚሉት። ሳቅኩባት። «እኔ ለመዘረፍ ተራ የለኝም» አልኳት። ሦስት ጊዜ ተመላልሳ በአራተኛው ጎትታ ወሰደችኝ።

ስብሰባው ላይ ብዙ ነገር ተወራ። አጋርነት፣ ትስስር፣ ባለድርሻ። የገባኝን ልንገራችሁ፤ ክፍሉ የቀበሌ ነው፣ ወንበሩ የዕድር ነው፣ ቡድኑን የምትረዳውን ያቺን ልጅ አሰልጥኖ የላካት አንድ ድርጅት ነው፣ ብሩ ደግሞ የራሳችን ነው። 18 ሴቶች ነን። በየሳምንቱ ረቡዕ 20 ብር። ለክፉ ቀን የሚሆን ሌላ 5 ብር ለብቻው ይቀመጣል። ብድር ለሚያስፈልጋት ከዚያው ከራሳችን ነው የሚሰጠው። ወለድ የማንፈልግ ሙስሊሞች ነበርን፣ ክርስቲያኖቹ እህቶቻችንም «እናንተ ያልፈለጋችሁት ለእኛም ይቅር» ብለው አንድ መላ ተገኘ። እንዴት እንደተሰላ አትጠይቁኝ።

ልቤን ያሳረፈው ሳጥኑ ነው። የብረት ሳጥን ነው፣ ሦስት ቁልፍ አለው። ሦስቱን ቁልፍ ሦስት ሴቶች ይይዛሉ፣ ሳጥኑ ራሱ አራተኛዋ ቤት ያድራል። ሦስቱ ካልተሟሉ አይከፈትም። ሲከፈት ጮክ ተብሎ ይቆጠራል፣ ሲዘጋም ይቆጠራል። ከዕቁቡ ሰውዬ በኋላ ያ የቁልፍ ድምፅ ለእኔ እንደ መንዙማ ነው የሚሰማኝ። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ።

ሁለት ወር ሄድኩ። ከዚያ 20 ብሯ አቃተችኝ። አፈርኩና ቀረሁ። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ዝናብ እየዘነበ በሬ ተንኳኳ። ልጅቷ ናት። ጫማዋ ጭቃ በጭቃ ሆኗል። እኔ ያ የቢሮው ልጅ ነው የመሰለኝ፣ ክው ነው ያልኩት።

ስለ ብር አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ቡና አፈላሁ። አቦሉን ጠጣች፣ ቶናውን ጠጣች። ስለ ልጆቼ ጠየቀች። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራው ልጄ የሐረጎን መንገድ ስትወርድ ሁልጊዜ እንደሚያጥወለውላት ሳይቀር አወራኋት። በረካው ላይ ስንደርስ «እትዬ፣ ባቄላ አለዎት?» አለችኝ። የራባት መስሎኝ ልቆላላት ተነሳሁ። «አይ፣ ጥሬውን» አለች።

ሰፌዱ ላይ ዘረገፈችው። «አንዷ ባቄላ 50 ብር ናት። በቀን ከእንጀራው ስንት ያገኛሉ?» ነገርኳት። 20 ባቄላ ቆጥራ ወደኔ ገፋችው። ደስ አለኝ፣ ብዙ ነው።

«ለዱቄት?» 13ቱን መልሳ ወሰደች። «ለመብራት?» ሁለት። «ባጃጁስ?» ሁለት። «የተሰበረውና ልጆቹ የበሉትስ?» ሁለት።

አንድ ባቄላ ቀረች። በጣቷ ይዛ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝና «እትዬ፣ ይቺ የእርስዎ ጉልበት ናት። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ» አለች።

ዝም አልኩ። እሷም ዝም አለች። ቆይታ ደግሞ «ያልተከፈለዎት ዱቤ ስንት ነው?» አለችኝ። ያኔ ነው ያለቀስኩት። ሁለት ምግብ ቤቶች «ወር ሲደርስ» እያሉ ይወስዱብኛል፣ እኔም አፍሬ አልጠይቅም። ያቺ አንዷ ባቄላም ለካ እጄ ላይ የለችም። ዓመት ሙሉ በሌሊት እየተነሳሁ ለሰው ነው የምሠራው። ይህን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ያ ሁሉ ቢሮ፣ ያ ሁሉ ወረቀት፣ አንድ ሰው ባቄላ ቆጥሮ አላሳየኝም!

«አብሽሩ እትዬ፣ መንገድ አለው» አለችኝ። በሰው አፍ ሲባል የምሰማው ቃል ነው፤ ያን ቀን ግን ደረቴ ውስጥ ገባ።

የቀረውን ላሳጥረው። ዱቤውን አቆምኩ። አንዱ ምግብ ቤት ተቆጥቶ ተወኝ፣ ሌላው በእጅ መክፈል ጀመረ። በቡድኑ ያለን አምስት ጋጋሪዎች ጤፉን ለየብቻችን በኪሎ ከመግዛት ተደማምረን በኩንታል ከሰኞ ገበያ መግዛት ጀመርን። አንድ ባጃጅ ለሁለት እንጭናለን። አሁን መዳፌ ላይ የሚቀሩት ባቄላዎች አራት ናቸው፣ ጥሩ ቀን አምስት። ሀብታም ሆንኩ አላልኩም። ልጄ ዘጠነኛ ክፍል ገባ፣ ደብተሩን በዱቤ አልገዛሁለትም።

ያ ቢሮስ አትሉኝም? አብራኝ ሄደች። ወረቀቶቼን በፌስታል ይዤ ከኋላዋ። ያ ልጅ ተቀምጦ ነበር፣ እሷን ሲያይ ተነሳ። ምን እንዳለችው ግማሹ አልገባኝም። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ወረቀቱን እያገላበጠች «ይሄስ? ይሄስ?» ትለዋለች፣ እሱ ማስያውን ይነካካል። ስንወጣ ምን ያህል እንደቀረብኝ በአንዲት መስመር ተጽፎ እጄ ላይ ነበር። በየወሩ በምችለው ተከፋፈለልኝ። ባለፈው ሚያዝያ ጨርሻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።

ልጄ፣ ይህን የሚያነብልሽ ሰው ካለ፣ አላህ ዕድሜና ጤና ይስጥሽ። የምታገቢው ሰው አንቺን የሚመጥን ይሁን። እናትሽ ጦሟን አትደር። ያን ቀን ዝናብ ብለሽ ብትቀሪ ኖሮ እኔ ዛሬ የት እንደምሆን አላውቅም።

እናንተ ደግሞ፣ ሸዋበርም ሁኑ ሆጤ፣ ቧንቧ ውሃም ሁኑ ኮምቦልቻ፣ ቀበሌያችሁ ሄዳችሁ ጠይቁ። የሴቶች ጉዳይ የሚሠሩትን ጠይቁ፣ የዕድራችሁን ዳኛ ጠይቁ። እንዲህ ያለ ቡድን ካለ ግቡ፤ ከሌለ 15 ሆናችሁ ሂዱና «ሰው ላኩልን» በሉ። ብር አምጡ አይሏችሁም፣ የሚሰበሰበው የራሳችሁ ነው። ብር ቅድሚያ ክፈሉ የሚል ከመጣ ግን ሩጡ። ስትገቡ ስለ ሳጥኑ ጠይቁ። ቁልፉ ስንት ነው? ማን ይይዘዋል? መልሱ ካላማራችሁ እንደ እኔ አትታለሉ፣ ተመለሱ።

እኛ ሰፈር ላላችሁ፣ ሁለተኛ ቡድን ሊጀመር ነው፣ ሰባት ሰው ተመዝግቧል። ረቡዕ ዘጠኝ ሰዓት፣ የዕድሩ ዕቃ ቤት ጎን ያለችው ክፍል። አታርፍዱ፣ ቅጣቱ አምስት ብር ነው። እኔ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ።