ደሴ ላይ ያስገጣጠምኩት የበረራ ኮምፒውተር፦ የትኛው ዕቃ ጠቀመኝ?

ማታ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ስታቢላይዘሩ ቀጭ፣ ቀጭ ማለት ይጀምራል። በእኛ ሰፈር ምጣድ የሚጣድበት ሰዓት ነው። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መልቲሜትር ተውሼ ሶኬቱን ለካሁት። 220 ቮልት መሆን ሲገባው 176 ያነባል። መብራት አልሄደም፤ አምፖሉ ብቻ ቀላ፣ ደከም ብሏል። እኔ በዚያ ሰዓት ከኮምቦልቻ ተነስቼ ሐረጎን እያለፍኩ ነበር። ስክሪኑ ድርግም አለ። አውሮፕላኑም ተራራውም አብረው ጠፉ።

እዚሁ ደሴ የፊዚክስ መምህርት ነኝ። የበረራ ሲሙሌሽን (በስክሪን ላይ አውሮፕላን የሚያበርሩበትን ፕሮግራም) የሚያስኬድ ኮምፒውተር ዕቃውን ራሴ መርጬ ካስገጣጠምኩ ስምንት ወር ሆነኝ። በስምንት ወር ውስጥ ሦስት ዕቃ ቀይሬያለሁ። "ምን ልግዛ?" የሚለኝ ሰው በዝቷል። የቀድሞ ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል፣ ከወልድያ ሳይቀር ይደውሉልኛል። መልሴ አንድ ነው። መጀመሪያ ፕሮሰሰሩን፣ ቀጥሎ የመብራቱን ነገር ጨርሱ። ሥዕሉን ስክሪኑ ላይ የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ይደርሳል።

ዋጋ አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ፣ የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ፣ ዛሬ የሰማሁት ዋጋ ለሚቀጥለው ሳምንት አይሆንም።

ስለ ፕሮሰሰሩ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ። መጀመሪያ የገዛሁት ራይዘን 5 5600 ነበር። 6 ኮር፣ ማለትም ስድስት ሠራተኛ አለው፣ ፍጥነቱ እስከ 4.4 ጊጋኸርዝ ይደርሳል። ለሌላ ሥራ ምንም አይወጣለትም። ጥፋቱ ለዚህ ሥራ የመረጥኩት የእኔ ነው። ኤክስ ፕሌን 12 የሚባለውን ሲሙሌተር ከፍቼ፣ ሴቲንጉን ከፍ አድርጌ ቦሌ ላይ ላርፍ ስቃረብ ፍሬሙ (ስክሪኑ በሰከንድ የሚያሳየው የሥዕል ብዛት) 24፣ 22፣ 19 እያለ ወረደ። ግራፊክስ ካርዱ ምን ያህል እየሠራ ነው ብዬ ሳይ፣ ግማሽ እንኳ አልሞላም። ካርዱ እጁን አጣጥፎ ፕሮሰሰሩን እየጠበቀ ነው። ኤክስ ፕሌን ደግሞ ፍሬሙ ከ20 ገደማ ሲያንስ የበረራውን ሰዓት ራሱን ያዘገየዋል። አውሮፕላኑ ጭቃ ውስጥ እንደገባ ይጎተታል።

ምክንያቱን በድግስ ላስረዳ። ሽንኩርት የሚከትፍ አሥር ሰው ሊኖር ይችላል። ወጡን የምትይዘው ግን አንዷ ዋና ወጥ ሠሪ ናት። በርበሬው መቼ እንደሚገባ፣ ውሃው መቼ ጠብ እንደሚል እሷ ካልተናገረች ማንም አይንቀሳቀስም። የበረራ ሲሙሌሽንም እንዲሁ ነው። ክንፉን የሚያነሳው ኃይል፣ ነፋሱ፣ መሣሪያዎቹ፣ ከታች ያለው ከተማ፣ አብዛኛው ሥራ በአንድ ኮር በኩል ያልፋል። 16 ኮር መደርደር ብዙም አይጠቅምም። ዋናዋ ወጥ ሠሪ ቀልጣፋ መሆን አለባት። ቅመሙም እጇ ሥር መሆን አለበት። ለጨው ጓዳ በተመላለሰች ቁጥር ወጡ ያርራል።

የፕሮሰሰሩ ካሽ ማለት ያ እጅ ሥር ያለው ቅመም ነው። የ5600ው ትልቁ ካሽ 32 ሜጋባይት ነው። በኋላ የቀየርኩት ራይዘን 7 5700ኤክስ3ዲ 96 ሜጋባይት አለው። ፍጥነቱ 4.1 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው፤ በወረቀት ከፊተኛው ያንሳል። ያው ቦሌ፣ ያው ካርድ፣ ያው ሴቲንግ፣ ፍሬሙ ከ34 አልወረደም። ያን ቀን ሦስት ጊዜ ደጋግሜ አረፍኩ። አቅሙ ያለው ሰው በአዲሱ ኤኤም5 ሶኬት (ፕሮሰሰሩ በሚሰካበት ቦታ) 7800ኤክስ3ዲን ይግዛ። እኔ ማዘርቦርዴን (ዕቃው ሁሉ የሚሰካበትን ሰሌዳ) እና ዲዲአር4 ራሜን መጣል ስላልፈለግኩ በኤኤም4 ቆየሁ።

ቅያሪው ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ፕሮሰሰሩ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ተልኮልኝ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ገጠምኩት። ፋኑ ይዞራል፣ መብራቱ ይበራል፣ ስክሪኑ ጥቁር። የሸጠልኝ ሱቅ ደወልኩ። "ከእኛ ሲወጣ ሠርቷል፣ እናንተ ናችሁ ያቃጠላችሁት" አለኝና ዘጋው። የወራት ቁጠባዬ ነበር። በማግስቱ ፒያሳ አካባቢ ኮምፒውተር የሚጠግን የቀድሞ ተማሪዬ ጋ ይዤ ሄድኩ። አየት አደረገውና "ቲቸር፣ አብሽሩ፣ ምንም አልሆነም" አለኝ።

ነገሩ ባዮሱ ነው፤ ኮምፒውተሩ ሲበራ ዕቃዎቹን የሚያስነሳው፣ ማዘርቦርዱ ውስጥ ያለው ፕሮግራም። ማዘርቦርዴ የቆየ ቢ450 ነው። ፕሮሰሰሩ ገበያ ላይ የዋለው በፈረንጆቹ 2024 መጀመሪያ ነው። የድሮው ባዮስ አያውቀውም። ልጁ 5600ውን መልሶ ሰካ፣ ባዮሱን በፍላሽ አደሰ፣ አዲሱን መልሶ ገጠመ። ስክሪኑ በራ። ሃያ ደቂቃ አልፈጀበትም። 5600ውን ለመሸጥ ተስማምቼ ነበር፤ እንኳንም አልሰጠሁት። ስለዚህ የድሮውን ፕሮሰሰር አዲሱ እስኪሠራ አትሽጡ። ከዜሮ የምትጀምሩ ከሆነ ደግሞ ያለ ፕሮሰሰር፣ በፍላሽ ብቻ ባዮስ የሚያድስ ቁልፍ ያለው ማዘርቦርድ ፈልጉ። ከኋላ በኩል፣ ከዩኤስቢው አጠገብ ያለች ትንሽ ቁልፍ ናት። ሁሉም ሰው የሚያበድረው ፕሮሰሰር ያለው ተማሪ የለውም።

ግራፊክስ ካርዴ ያገለገለ አርቲኤክስ 3060 ነው፣ ባለ 12 ጊጋ። ለአንድ ፉል ኤችዲ ስክሪን በቂ ነው። በዚሁ ስም ባለ 8 ጊጋም አለና ተጠንቀቁ። ሻጭ "ያው ነው" ቢላችሁ ያው አይደለም። ሚሞሪው ብቻ አይደለም ያነሰው፤ ዳታው የሚያልፍበት መንገድም ከ192 ቢት ወደ 128 ጠቧል። ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ሲሠራ ሳታዩ ገንዘብ አትክፈሉ።

ራም 32 ጊጋ ይብቃችሁ፣ ግን ሁለት ባለ 16 ይሁን። አንዱን ባለ 32 ከገዛችሁ ግማሹን መንገድ ዘግታችሁታል። ከዚያ ባዮስ ውስጥ ኤክስኤምፒ የሚለውን አብሩት። ካልበራ ባለ 3600 ብላችሁ የገዛችሁት ራም በዝቅተኛው ፍጥነት ነው የሚሠራው። ኤስኤስዲው (ፕሮግራሙና ፋይሉ የሚቀመጥበት) 1 ቴራ፣ ኤንቪኤምኢ የሚባለው ዓይነት ይሁን። በጣም ፈጣኑን ለማግኘት ገንዘብ አትጨርሱ፤ አንዴ አየር ላይ ከወጣችሁ ልዩነቱ እምብዛም አይታይም።

ማቀዝቀዣ ላይ አጥብቄ የምናገረው አለኝ። "ደሴ ብርድ ነው፣ ኮምፒውተር አይሞቅም" ይሉኛል። ብርዱ ያግዛል፣ እውነት ነው። ግን ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፍ ሲነጻጸር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው። ፋኑ እኩል ቢዞርም የሚገፋው አየር ክብደቱ ያነሰ ነው። ሙቀቱን ተሸክሞ የሚወጣው ደግሞ ያ አየር ነው። አውሮፕላን ከኮምቦልቻ ሲነሳ ከባሕር ጠረፍ ይልቅ ረዘም ያለ መንደርደሪያ የሚፈልገውም በዚሁ ምክንያት ነው። ይህን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ስንት ዓመት ሆኖኛል፤ በገዛ ኮምፒውተሬ ላይ ሳየው ግን ደስታው ሌላ ነው። 5700ኤክስ3ዲ የሙቀት ጣሪያው 90 ዲግሪ ነው። በትንሿ ፋን 86 ይደርስብኝ ነበር። ባለ ሁለት ማማ፣ ስድስት የመዳብ ቱቦ ያለው የአየር ማቀዝቀዣ ገዛሁ። አሁን 71 ላይ ይቆማል። በውሃ የሚሠራውን አልመክርም። ፓምፑ ቢበላሽ መለዋወጫ የምናገኝበት ቦታ ቅርብ አይደለም።

አሁን ወደ መብራቱ። ያን ቀን ሐረጎ ላይ የጠፋብኝ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዩ (የግድግዳውን መብራት ተቀብሎ ለዕቃዎቹ የሚያከፋፍለው ሳጥን) ከኬዙ ጋር አብሮ የመጣ ነበር። ፈትቼ አወጣሁት። በእጄ ስይዘው ባዶ ቆርቆሮ ይመስላል። ጎኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልኬ መብራት አነበብኩ። "600 ዋት" ይላል በትልቁ። ከሥሩ በደቃቁ "ኢንፑት 200–240 ቮልት" ይላል። መልሱ እዚያ ተጽፎ ነበር። እኔ ቤት ማታ ማታ 176 ነው።

የቀየርኩት 650 ዋት፣ 80 ፕላስ ጎልድ የሚባል የኃይል ቁጠባ ደረጃ ያለው ነው፤ ጎኑ ላይ "100–240" ይላል። ክብደቱ በእጅ ይታወቃል። ኃይሉም ይበቃል፤ ፕሮሰሰሬ 105፣ ካርዴ 170 ዋት ተብሎ ነው የተጻፈባቸው። ከዚያ ወዲህ በቮልት ማነስ አንድም ቀን አልጠፋብኝም። ስታቢላይዘሩንም አልጣልኩትም። መብራት ሄዶ ሲመለስ የሚወረወረውን ከፍተኛ ቮልት እሱ ይመልስልኛል።

መብራት ጭራሽ ሲሄድስ? ከጓደኛዬ ቢሮ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ተውሼ ሞከርኩ። ሶኬቱን ስነቅለው ዩፒኤሱ ጮኸ፣ ኮምፒውተሩ ግን ጠፋ። ጥሩ ፓወር ሰፕላዮች አክቲቭ ፒኤፍሲ የሚባል ነገር አላቸው። ርካሽ ዩፒኤስ የሚያወጣው የተቆራረጠ ሞገድ አንዳንዶቹን አይስማማቸውም። ስለዚህ ንጹህ ሳይን ዌቭ የሚያወጣ ባለ 1000 ቪኤ ዩፒኤስ ገዛሁ። ዋጋው ቆንጥጦኛል። ግን አሥራ ሁለት ደቂቃ ያቆየኛል፤ ላሊበላ ማኮብኮቢያው ከታየኝ አርፌ፣ ሞተር አጥፍቼ፣ ኮምፒውተሩን በወጉ እዘጋለሁ።

ጆይስቲኩን ጅዳ ያለችው እህቴ ለዒድ ስትመጣ በሻንጣዋ፣ በቀሚሶች መሃል ጠቅልላ አመጣችልኝ። ትረስትማስተር ቲ16000ኤም ነው። የመረጥኩት እጀታው ወደ ጎንና ወደ ፊትና ኋላ ሲያዘነብል የሚለካው በማግኔት ስለሆነ ነው። እዚያ ላይ የሚፋተግ ሴንሰር የለውም። ከዚያ በፊት የነበረኝ ርካሽ ጆይስቲክ አቧራ ገብቶበት፣ እጄን ሳልነካው አውሮፕላኑን ወደ ግራ ያዘነብለው ነበር። ፔዳል የለኝም፤ የዚህኛው እጀታ ሲጠመዘዝ የፔዳሉን ሥራ ይሠራል።

ስለ ሲሙሌተሩ የምለው አጭር ነው። የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ሥዕሉ እጅግ ውብ ነው። ግን የመሬቱን ሥዕል እየበረራችሁ ከኢንተርኔት ይስባል፤ የ2024ቱ ደግሞ ከፊተኛው የባሰ ኢንተርኔት ይፈልጋል። የእኔ ኢንተርኔት ይህን አይችልም። ኤክስ ፕሌን የምትፈልጉትን የዓለም ክፍል አንዴ አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ያበርራችኋል። ነጻ መሞከሪያም አለው። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት በጓደኛ ኮምፒውተር ሞክሩት።

ባለፈው ቅዳሜ ቡና ተጠጥቶ ሲያበቃ አባባ ወደ ክፍሌ ገቡ። ትውልዳቸው ወገል ጤና ያለችበት ደላንታ ነው። እግራቸውን ካመማቸው ወዲህ ሄደው አያውቁም።

"ይሄ አውሮፕላንሽ ወገል ጤና ይደርሳል?" አሉኝ።

"ይደርሳል አባባ። ይቀመጡ።"

ሴስና 172 የምትባለውን ትንሽ አውሮፕላን ከኮምቦልቻ አስነሳሁ። ማኮብኮቢያው ራሱ ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነ ነዳጁን አሳሳሁት፤ አለዚያ ሞተሩ ይታፈናል። ሸለቆው ውስጥ ሁለቴ ዞሬ ከፍታ ያዝኩ። ደሴን አለፍን፣ የጦሳ ተራራ በግራ ቀረ፣ ኩታበርን አለፍን። ከዚያ መሬቱ ድንገት ከሥራችን ተናደ። የበሽሎ ወንዝ ገደል ነው።

የኤክስ ፕሌን ቤቶች የእኛን አገር ቤት አይመስሉም። አባባ ግን ቤት አላዩም። ገደሉን ነው የሚያዩት። የመሬቱ ቅርጽ እንዳለ አለ።

"ዝቅ አድርጊው" አሉ።

ዝቅ አልኩ። ክንፉን አዘነበልኩና በአፋፉ ዙሪያ ዞርኩ። ድሮ ፍሬሙ የሚቆራረጠው እንዲህ መሬት ተጠግቼ ስዞር ነበር። 41 ይላል፣ 38 ይላል፣ አንዴም አልቆረጠም። አባባ ወንበራቸውን ሳብ አድርገው፣ አፍንጫቸው ስክሪኑን ሊነካ እስኪደርስ ተጠጉ። ጣታቸውን አፋፉ ላይ አሳረፉ።

"በዚህች ነው በቅሎ ይዘን የምንወርድ" አሉኝ።

ስክሪኔ 24 ኢንች ነው። ቀጥሎ የምገዛው 32 ኢንች ነው፣ ዓይናቸውም እየደከመ ነውና። ጥራቱ ያው ፉል ኤችዲ ይሆናል፣ ካርዱ እንዳይከብደው።