የሮጀር ሸርማን የሕይወት ታሪክ፦ መጽሐፉ ደግ፣ ቅጂው ግን የማይረባ

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ካሉት የአሮጌ መጻሕፍት መደብሮች በአንዱ፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሮጀር ሸርማን የሕይወት ታሪክ በ400 ብር ገዛሁ። የተሸጠልኝ ዋናው እትም ሳይሆን በፎቶ ኮፒ ተባዝቶ የተጠረዘ ቅጂ ሲሆን፣ ሻጩም ይህን አልደበቀኝም።

ስለ አሜሪካ መሥራቾች ሲነሳ ዋሽንግተንንና ጄፈርሰንን የማያውቅ አንባቢ ጥቂት ነው፤ የሸርማን ስም ግን በእኛ ዘንድ እምብዛም አይሰማም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1721 ማሳቹሴትስ ውስጥ የተወለደው ይህ ሰው የጫማ ስፌት ተምሮ፣ አባቱ ከሞተ በኋላ በ1743 ኒው ሚልፎርድ ወደምትባል የኮነቲከት መንደር ተሻገረ፤ እዚያም መሬት ቀያሽ ሆነ፣ ከወንድሙ ጋር ሱቅ ከፈተ፣ የዘመን መቁጠሪያ እያዘጋጀ አሳተመ፣ የኮሌጅ ደጃፍ ሳይረግጥም ሕግ በራሱ አጥንቶ በ1754 የጥብቅና ፈቃድ አገኘ። የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ይህ ነው። ገመድ ይዞ የሰው ድንበር ሲለካ የሚውል ሰው የባለጉዳይን ቋንቋ ቢለምድ አይገርምም፤ በመሬት ክርክር ፍርድ ቤት የተመላለሰ የአዲስ አበባ አንባቢ ለዚህ ማብራሪያ አያሻውም። ሁለቱ ጋብቻዎቹና 15 ልጆቹ ግን በጥቂት ገጾች ብቻ ታልፈዋል።

ሸርማን በኋላ ወደ ኒው ሄቨን ተዛውሮ ዳኛ፣ በ1784 ደግሞ የከተማዋ የመጀመሪያ ከንቲባ ሆኗል። በብሪታንያ ላይ የተደረገውን የ1774ቱን የንግድ ዕቀባ ስምምነት፣ የነጻነት ዐዋጁን፣ ከሕገ መንግሥቱ በፊት ግዛቶቹን ያስተሳሰሩትን የኮንፌዴሬሽኑን አንቀጾችና የ1787ቱን ሕገ መንግሥት፣ አራቱንም የፈረመ ብቸኛ ሰው እሱ ነው። ይህ ሕገ መንግሥት ሲረቀቅ ትልልቆቹና ትንንሾቹ ግዛቶች በውክልና ጉዳይ ሊለያዩ ሲደርሱ፣ አንዱ ምክር ቤት በሕዝብ ብዛት፣ ሴኔቱ ደግሞ በግዛቶች እኩልነት እንዲዋቀር ሐሳብ ካቀረቡት መካከል ዋነኛው እሱ ሲሆን፣ ስምምነቱም ጁላይ 16 ቀን 1787 በአንድ ድምፅ ብልጫ ብቻ አለፈ።

ቅጂው ጉድ የሠራኝ እዚሁ ምዕራፍ ላይ ነው። የቀኝ ገጾቹ ወደ ጥራዙ ተጠግተው በመታተማቸው የየመስመሩ የመጀመሪያ ፊደላት በሙጫው ተውጠዋል፤ ቀጥሎ ያሉት ገጾችም ቀለማቸው ከመሳሳቱ የተነሳ መብራት ሥር ካልሆነ አይነበቡም። ይቀየርልኝ ብዬ ብመልሰው ሻጩ፣ «ጌታዬ፣ ኮፒ እንደወጣ ነው የሚሸጠው፤ ከፈለጉ በግማሽ ዋጋ ልውሰድልዎ» አለኝ። ትሕትናው መልካም ነበር፤ አሠራሩ ግን ለገዢ የሚመች አይደለም።

በሕግና በፖለቲካ ታሪክ ለሚሳብ አንባቢ መጽሐፉን ያለማመንታት እመክራለሁ፤ ቅጂውን የሚገዛ ግን ሒሳብ ከመክፈሉ በፊት መሐል ገጾቹን ገልጦ ይይ። ዋናው እትም እዚያው መደብር መስታወት ውስጥ በ1,500 ብር ተቀምጧል፤ ፎቶ ኮፒውም የተነሳው ከእሱ ይመስለኛል።