ሻዩ ይደገም፣ ሳምቡሳው ይቅር

የክረምቱን ሻይ ሳያልቅ ሄዳችሁ ጠጡ። ቦሌ ውስጥ ወቅት በዞረ ቁጥር አዲስ ቅይጥ ሻይ ስለሚያወጣው ትንሽ ሻይ ቤት ነው የማወራው። ጥሩውንም መጥፎውንም ስለምናገር ስሙን ትቼዋለሁ፤ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል።

የክረምቱ ቅይጥ የውሽውሽ ጥቁር ሻይ፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና ጦስኝ ነው። በቃ። ቅርንፉድ የለበትም፣ እኔን ደግሞ ደስ ያለኝ እሱ ነው፤ የቅመም ሻይ ብላችሁ የትም ብትገቡ ቅርንፉዱ ሌላውን ሁሉ ደፍጥጦ ነው የሚመጣላችሁ። እዚህ መጀመሪያ የሚሸታችሁ ጦስኙ ነው። ከዚያ ሻዩ ራሱ ይመጣል፣ ዝንጅብሉ መጨረሻ ላይ ጉሮሮን ሞቅ ያደርጋል። ኮረሪማው ብቻውን ነጥሮ አይወጣም፤ ባይኖር ግን ይታወቃል።

ቀማሚውን ልጅ እንዴት ነው የምታፈሉት አልኩት። «ሁሉን አንድ ላይ አንጥድም ጋሼ» አለኝ። ዝንጅብሉና ተፈልፍሎ የተወቀጠው ኮረሪማ ቀድመው ይጣዳሉ፣ አሥር ደቂቃ ያህል ይንተከተካሉ። እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው ሻይ ቅጠሉና ጦስኙ የሚገቡት። ተከድኖ አራት ደቂቃ ይቆያል፣ ይጠለላል፣ ይቀዳል። ይሄ ለአዲስ አበባ ትክክለኛ አሠራር ነው። ከተማችን ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 100 ሳይሆን 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ነው፣ ስለዚህ ጠንካራው ቅመም ጣዕሙን እስኪለቅ ጊዜ ይፈልጋል፤ ቅጠሉን ግን ያን ያህል ብታንተከትኩት ይጎመዝዛል፣ የጦስኙም ሽታ ከእንፋሎቱ ጋር ተያይዞ ይሄዳል። ቤት ውስጥ ሁሉንም አንድ ላይ ጥደን፣ ሲመረን በሦስት ማንኪያ ስኳር የምንሸፍነው ሻይ ችግሩ እዚህ ጋ ነው።

ልጁ ሻይ ቅጠሉና ጦስኙ ተቀላቅለው የሚቀመጡበትን ቆርቆሮ ሳይነቀንቅ አይጨልፍም። የአገራችን ሻይ ቅጠል አብዛኛው ድቅቅ ያለ ስለሆነ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ቀለል ያለው ጦስኝ ላይ ይቀራል። ዝም ብሎ ቢጨለፍ የጠዋቱ ደንበኛ ጦስኝ፣ የማታው ደግሞ ባዶ ሻይ ይጠጣል። አዲስ ቅይጥ ሲሞክሩም በትንሽ ሚዛን ግራም በግራም እየጨመሩ፣ በየመሀሉ በሲኒ እየቀመሱ ነው። ቅመም በገዙ ቁጥር ልኩን እንደገና ያዩታል፣ ምክንያቱም የዛሬው ዝንጅብልና የሚቀጥለው ወር ዝንጅብል እኩል አያቃጥልም፣ የከረመ ኮረሪማም ሽታው ይደክማል። አንድ ቅይጥ ተሠራ ብሎ መተኛት የለም ማለት ነው።

ሁሉም ግን እንደዚህ አይደለም። ባለፈው እንቁጣጣሽ «አደይ» ብለው ያወጡት ሻይ ካሞማይልና ጠጅ ሳር ነበር። ቢጫነቱ ያምራል፣ ፎቶ ላይ ጉድ ነው። ጣዕሙ ግን ሙቅ ውሃ ላይ ትንሽ ሎሚ የነካካ ያህል ነው። ደግሞ መስከረም 1 ቀን እኮ ገና ክረምት ነው! በድሮው የወቅት አቆጣጠር መፀው የሚገባው መስከረም 26 ነው፣ ዝናቡም ብዙ ጊዜ ገና አይለቅም። ሰው ኮት ለብሶ እየተንቀጠቀጠ ቀጭን የአበባ ሻይ ምን ያደርግለታል? ዘንድሮ የክረምቱን እስከ መስቀል ቢያቆዩልን ነው የሚሻለው።

የበጋው ጎበዝ ነው። ጥር ላይ የጠጣሁት ከርከዴ፣ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭና አንድ ስንጥር ቀረፋ ነበር፣ ቀዝቅዞ የሚቀርብ። ሻይ ቅጠል የለበትም። ከርከዴ ብቻውን ሲሆን ኮምጣጣነቱ ጥርስ ያጠርሳል፤ ልጣጩ ግን ኮምጣጣውን አለዝቦ ትንሽ መራራ ጨመረበት። ፀሐይ አናት ሲበሳ ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ከሚበላ ድፎ ዳቦውን እዘዙ። ጥቁር አዝሙዱ ከክረምቱ ሻይ ጋር ይሄዳል። ሳምቡሳው ዘይት ጠጥቶ ነው የሚመጣው፣ ምስሩም አልበሰለም ነበር፣ ተውት።

መስተንግዶው ደህና ነው፣ አንድ ነገር ብቻ፦ ሳይጠይቁ ስኳር ጨምረው ያመጣሉ። ያን ሁሉ በግራም የለካ ቤት በመጨረሻ ሁለት ማንኪያ ስኳር ሲገለብጥበት ያናድዳል። ስታዝዙ «ያለ ስኳር» በሉ፣ አስተናጋጇ ከረሳችም መልሱት፣ ሳያኮርፉ ይቀይራሉ። አንዱ ብርጭቆ 120 ብር ነው። ለሻይ ውድ ነው፣ ለክረምቱ ግን እከፍላለሁ፣ ለአደዩ አልከፍልም። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወንበር ስለማይገኝ ቀደም ብላችሁ ሂዱ።