ስምንት ወር ከጉግል ኮንታክትስ ጋር፦ የደላላ ስልክ ማውጫ እንዴት ተረፈ

ቡሬ ላይ የበርበሬና የበቆሎ ደላላ ነኝ። መጋዘን የለኝም፤ ያለኝ የስልክ ቁጥር ነው፦ ገበሬው፣ የአይሱዙ ሹፌሩ፣ የፍኖተ ሰላም ነጋዴው፣ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ያለው ገዥ። ስድስት መቶ ገደማ ስም አንድ የቆየ የሒሳብ ፕሮግራም ውስጥ ታስሮብኝ ነበር (ማን እንደሠራው ልተወው)። ከዚያ የሚያወጣው ሲኤስቪ ፋይል (ዓምዶቹ በኮማ የተለያዩ ተራ የጽሑፍ ሠንጠረዥ) ብቻ ነው።

ፋይሉን በሠንጠረዥ ፕሮግራም ስከፍተው ደነገጥሁ። ጎጃም ተወልጄ እንኳ እንዲያ ያለ ክታብ አላየሁም! ነገሩ ኋላ ገባኝ፦ አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ኮምፒውተር ፊደልን በቁጥር በሚያስቀምጥበት ደንብ) ሦስት ባይት፣ ማለትም ሦስት የማስቀመጫ ቦታ፣ ይይዛል፤ ፕሮግራሙ ይህን ካላወቀ አንዱን ፊደል ሦስት እንግዳ ምልክት አድርጎ ያወጣዋል። የባሰው ቁጥሩ ነበር። በ09 የሚጀምረው ዜሮውን ተነጠቀ። በ251 የሚጀምረው 2.51 ምናምን ሆኖ አጠረ፤ እንደዚያው ሴቭ ሳደርገው የኋለኞቹ አሃዞች ጠፉ። ዓምዱን ቀድሜ «ጽሑፍ» ማድረግ ነበረብኝ፤ ጥፋቱ የራሴ ነው።

ደግነቱ ዋናው ፋይል ፍላሽ ላይ ነበር። ጉግል ኮንታክትስ (ስልክ ቁጥርን በጉግል አካውንት የሚያስቀምጠው ማውጫ) ላይ አንድ የሙከራ ስም መዝግቤ ኤክስፖርት አደረግሁና የዓምዶቹን ስም አየሁ። ከዚያ የእኔን ፋይል የመጀመሪያ መስመር ብቻ በኖትፓድ እንደዚያ አስተካክዬ አስገባሁት። አማርኛው ፍንክች አላለም።

ከዚያ ወዲህ ስልክ ቀይሬያለሁ፤ አካውንቴን ስከፍት ሁሉም ስም ተከትሎኝ መጣ። ድሮ ሲም ላይ ሳስቀምጥ 250 ላይ ይሞላብኝ ነበር፣ ረዘም ያለ የአማርኛ ስምም ይቆረጣል። ኔትወርክ በጠፋ ሰሞን እንኳ ስልኩ ላይ ያለው ማውጫ ይሠራል፤ ሲመለስ ራሱ ያመሳስላል።

አንድ ቀን ግን ተደጋጋሚ ስሞችን አዋህድ ሲለኝ ሳላይ ሁሉንም እሺ አልሁ። ሁለት «አያ ሙሉ» አሉኝ፣ አንዱ ገበሬ አንዱ ሹፌር፤ አንድ ሰው ሆነው ቁጭ አሉ። በኮምፒውተር ገብቼ ወደ ትናንቱ መለስሁት፤ እስከ 30 ቀን ድረስ ይፈቅዳል። የፊደሉ ነገር ደግሞ አለ፦ ለኮምፒውተር «ፀ» እና «ጸ» ሁለት ፊደል ናቸው፤ ስለዚህ ፀሐይ የሚባሉትን ሁሉ በአንዱ አጻጻፍ አስተካከልሁ።

ሹፌሩን አሁን «አያ ሙሉ አይሱዙ» ብየዋለሁ። በየወሩም ማውጫውን በቪሲኤፍ (ስልኮች በሚያነቡት የስም ማውጫ ፋይል) አውጥቼ ሚሞሪ ካርድ ላይ አኖራለሁ።