ለ5ኤል ሞተር የቱ ይሻላል? ሬቲፊካ፣ ባዶ አዲስ ብሎክ፣ ሾርት ብሎክ ወይስ ያገለገለ ሞተር

5ኤል የተባለውን የቶዮታ ናፍጣ ሞተር የያዘ ሃይኤስ ወይም ሃይሉክስ ዘይት መጠጣትና ሰማያዊ ጭስ መትፋት ሲጀምር ለባለቤቱ አራት መንገድ አለው። የራሱን ብሎክ (ሲሊንደሮቹ ያሉበትን የሞተር አካል) ሬቲፊካ፣ ማለትም ሞተር ተቦርቡሮ የሚስተካከልበት ቤት፣ ያስገባል፣ ባዶ አዲስ ብሎክ ገዝቶ ግቢው ውስጥ ይገጣጥማል፣ ክራንክ ሻፍቱና ፒስተኑ የገባለት ሾርት ብሎክ ይገዛል፣ ወይም ከውጭ የመጣ ያገለገለ ሞተር ያስቀይራል። ባሕር ዳር ላይ አብዛኛው ገዢ በዋጋ ብቻ ይወስናል። በእኛ እምነት ግን ምርጫውን የሚወስነው መለካት መቻል ነው። ማይክሮሜትር፣ የሲሊንደር መለኪያ ሰዓትና ቶርክ ሬንች በእጁ የሌለ ወይም የሚዋሰው ሰው ያጣ፣ ባዶ ብሎክ ባይገዛ ይሻለዋል።

መጀመሪያ ግን ጥፋቱ የብሎኩ መሆኑ ይረጋገጥ። 5ኤል 2,986 ሲሲ ነው፤ የሲሊንደሩ ስፋት 99.5 ሚሜ፣ የፒስተኑ ምት 96 ሚሜ። ብሎኩ ጊዛ፣ ማለትም ቀልጦ የተቀረጸ ብረት፣ ስለሆነ በቀላሉ አይሞትም። የሚሞተው ቢየላ (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ዘንግ) በስቶት ሲወጣ፣ በሙቀት ሲሰነጠቅ ወይም ከዚህ በፊት እስከ 1.00 ሚሜ ሪቦር ተደርጎ (ሲሊንደሩ ተቦርቡሮ ሰፍቶ) ትርፍ ሥጋ ሲያጣ ነው። በዚህ ሞተር ላይ በሙቀት ቀድሞ የሚጎዳው ቴስታታው (ከብሎኩ በላይ የሚታሰረው የቫልቮቹ ክፍል) ነው፤ በቫልቮቹ መካከል ይሰነጠቃል። ስለዚህ ቴስታታው በግፊት ሳይፈተሽ ብሎክ መግዛት ገንዘብን ሜዳ ላይ መጣል ነው።

ብሎኩ ደህና ሆኖ ሲሊንደሩ ብቻ ካለቀ ሬቲፊካን የሚያህል የለም። መበላቱ 0.20 ሚሜ አካባቢ ከደረሰ ሪቦር ያስፈልጋል። አንዱ ሲሊንደር ብቻ ቢጎዳም አራቱም አንድ ላይ ይሠራሉ። ፒስተኑ ቀድሞ ይገዛ፣ ብሎኩ ከፒስተኑ ጋር ሬቲፊካ ይግባ። ባለሙያው እያንዳንዱን ፒስተን ለክቶ ነው ሲሊንደሩን የሚከፍተው፤ ካርቶኑ ላይ «0.50» የሚለውን ብቻ አይቶ ከሠራ ክፍተቱ ወይ ይጠባል ወይ ይሰፋል። ሲጠብ ፒስተኑ ይነክሳል፣ ሲሰፋ ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ያንኳኳል።

ያሪስ ላይ ያለው 2ኤንዜድ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ብሎኩ አሉሚኒየም፣ ካሚቻው (የሲሊንደሩ ውስጠኛ እጀታ) ስስና አብሮ የተቀረጸ ስለሆነ ፋብሪካው ለሪቦር አላሰበውም። ለእሱ ሾርት ብሎክን ወይም ያገለገለ ሞተርን ማወዳደር ይበቃል።

ባዶ አዲስ ብሎክ የሚያዋጣው የድሮው ክራንክ ሻፍትና ቢየላዎቹ ተለክተው ጤናማ ሲሆኑ ብቻ ነው። ክራንክ ሻፍቱም፣ ፒስተኑም፣ ብሮንዚናውም (ክራንክ ሻፍቱ የሚሽከረከርበት ስስ ማቀፊያ) ሊገዛ ከሆነ ድምሩ ሾርት ብሎክን ያልፋል፤ ልፋቱ ደግሞ ትርፍ ነው። ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ተጭኖ የሚመጣ ብሎክ «ኦሪጅናል» መባሉም አይበቃም። እያንዳንዱ ሲሊንደር ከላይ፣ ከመሃልና ከታች በሁለት አቅጣጫ ይለካ። የላይኛው ፊት ላይ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ተጋድሞ ብርሃን ያሳልፍ እንደሆነ ይታይ።

የዋና ብሮንዚና ክዳኖቹ ከብሎኩ ጋር ተቆልፈው አንድ ላይ የተቦረቦሩ ናቸው። የድሮውን ክዳን አዲስ ብሎክ ላይ ማሰር ክራንክ ሻፍቱን ያንቃል። ክዳን የሌለው ብሎክ አይገዛ።

ቤት ሲደርስ በቤንዚን መጥረግ አያጸዳውም፤ የብረቱ ዱቄት በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ሆን ተብለው በተሠሩት የሆኒንግ ጭረቶች ውስጥ ይቀራል። በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ይታጠብ፣ የዘይት መንገዶቹ በረጅም ብሩሽ ይፈተጉ፣ በነጭ ጨርቅ ተጠርጎ ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ይደገም። ወዲያው በአየር ደርቆ ዘይት ይቀባ። በተለይ በክረምት፣ ጣና ዳር ባለው እርጥበት፣ ሳይቀባ ያደረ ሲሊንደር ጠዋት ዝጎ ይገኛል። የቴስታታ ብሎን ቀዳዳዎች ውስጥ ውሃ ወይም ዘይት ከቀረ፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ፈሳሹ መውጫ አጥቶ ብሎኩን ይሰነጥቃል።

ቀጥሎ ፕላስቲጌጅ ነው፤ ተጨፍልቆ የብሮንዚናውን ክፍተት የሚያሳይ ቀጭን የፕላስቲክ ክር። በዋና ብሮንዚናዎቹ ላይ ከ0.03 እስከ 0.07 ሚሜ ያለው ክልል ጤናማ ነው፤ 0.10 ከደረሰ ብሮንዚናው ይቀየር። ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) እያንዳንዱ በሚገባበት ሲሊንደር ውስጥ በተገለበጠ ፒስተን ተገፍቶ የጫፉ ክፍተት ይለካ። ክፍተት ያጣ ፋሻ ሲሞቅ ጫፎቹ ተጋጭተው ግድግዳውን ይቧጥጣሉ።

ሾርት ብሎክ ይህን አብዛኛውን ሥራ ያስቀራል፤ ለዚህም ቤት ለሚገጣጥም ሰው የመጀመሪያ ምርጫችን እሱ ነው። አንድ ልኬት ግን ለባዶውም ለሾርት ብሎኩም አይቀርም፦ ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ላይ ሲደርስ ከብሎኩ ፊት ምን ያህል ብቅ እንደሚል። የ5ኤል የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ቢ፣ ዲ እና ኤፍ በሚል በሦስት ውፍረት ይመጣል፤ የሚመረጠውም በዚሁ ልኬት ነው። የድሮው ላይ ያለውን ፊደል አይቶ መግዛት የተለመደ ስህተት ነው። የቀጠነ ከሆነ ፒስተኑ ቴስታታውን ይመታል፣ የወፈረ ከሆነ ኮምፕሬሽን ወርዶ ጠዋት አልነሳም ይላል። የቴስታታ ብሎን በቅደም ተከተሉ 78 ኒውተን ሜትር፣ ከዚያ 90 ዲግሪ፣ እንደገና 90 ዲግሪ ይጠብቃል።

ያገለገለ ሞተር ቶሎ ሥራ ላይ ያውላል፣ ውስጡ ግን አይታይም። ኮፓው (የታችኛው የዘይት ገንዳ) ሳይከፈትና ኮምፕሬሽን ሳይለካ አይገዛ። እዚህ ላይ ከፍታው ያሳስታል። መመሪያው ለአዲስ 5ኤል 32 ኪሎ፣ ለዝቅተኛው 20 ኪሎ በካሬ ሴንቲሜትር ይላል፤ ይህ ለባሕር ጠለል ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ጤናማ ሞተር አንድ አምስተኛ ያህል ዝቅ ብሎ ያነባል፤ 25 ወይም 26 ያነበበ ደክሟል ማለት አይደለም። ይልቅ በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ከ5 ኪሎ ካለፈ ይተው።

የሞተር ቁጥሩ ብሎኩ ላይ የተመታ ስለሆነ፣ ከሬቲፊካ በቀር በሦስቱም መንገድ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር አይገጥምም። የግዢ ደረሰኙና የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ሳይያዝ ገንዘብ አይከፈል፤ አሠራሩም ቀድሞ መንገድ ትራንስፖርት ቢሮ ይጠየቅ።

የተሠራው ሞተር ከተነሳ በኋላ ቆሞ ለሰዓታት ባዶውን አይሥራ፤ ጭነት ያላየ ፋሻ ከግድግዳው ጋር ሳይላመድ ሲሊንደሩ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፣ ዘይት መጠጣቱም ይቀጥላል። እስከ ወረታ ያለው የፎገራ ሜዳ ለማላመድ ምቹ ነው፤ ፍጥነቱን ከፍ ዝቅ እያደረጉ፣ ያለ ከባድ ጭነት። በዚህ ከፍታ ውሃ ወደ 94 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ የራዲያተሩ ክዳን ግፊት የሚይዝ መሆን አለበት። ዘይቱ በ500 ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ በ1,000 ይቀየር። ተሳፋሪ ጭኖ ዓባይ በረሃን መውጣት ከዚያ በኋላ ይሁን።