የሳይጎኑ ቤተ መንግሥት፦ ትኬቱን ራሳችሁ ቁረጡ

ቬትናም ውስጥ ሆ ቺ ሚን ከተማ (የድሮዋ ሳይጎን) የምትሄዱ ካላችሁ የደቡብ ቬትናም ፕሬዚዳንቶች መቀመጫ የነበረውን የነጻነት ቤተ መንግሥትን ሳታዩ አትመለሱ። ጉብኝቱን ግን ከአስጎብኚ ድርጅት ባትገዙት ይሻላል። የእኔዎቹን ስማቸውን አልጠራም። አስጎብኚው ልጅ ታንክ ጋ ፎቶ አነሳን፣ ፎቆቹን በሩጫ አስወጣን፣ ከዚያ ገበያ ወስዶ አራገፈን። በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ በሩ ላይ 40,000 ዶንግ ከፍዬ ገባሁ።

ልጁ የዘለለው ዋናውን ሰው ነው፤ የደቡብ ቬትናሙን ፕሬዚዳንት ንጉየን ቫን ቲዩን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ቬትናም በ1954 ለሁለት ስትከፈል ቲዩ በደቡቡ ጦር ውስጥ መኮንን ነበር። በ1963 የ5ኛው ክፍለ ጦር አዛዥ ሆኖ ፕሬዚዳንት ንጎ ዲን ዲዬምን በገለበጠው መፈንቅለ መንግሥት ተሳተፈ። ዲዬም ተገደለ። አሁን የምናየውን ቤት ያስጀመረው ደግሞ ራሱ ዲዬም ነው። በ1962 ሁለት የገዛ አየር ኃይሉ አብራሪዎች አሮጌውን ቤት በቦምብ ስለመቱበት አስፈርሶ አዲስ ማሠራት ጀመረ። በ1966 ሲያልቅ እሱ የለም። በዓመቱ ቲዩ 35 በመቶ ገደማ ድምፅ አግኝቶ ፕሬዚዳንት ሆነ። በ1971 ሌሎቹ ራሳቸውን ሲያገሉ ብቻውን ተወዳደረ፣ ብቻውን አሸነፈ።

ይህን ይዛችሁ ጣራው ላይ ውጡ። ሄሊኮፕተር ቆሟል፤ አጠገቡ ሁለት ቀይ ክቦች ተቀብተዋል። ኤፕሪል 8 ቀን 1975 ቦምብ የወደቀባቸው ቦታዎች ናቸው። የጣለው የቲዩ አየር ኃይል አብራሪ ነው፤ በስውር ለሰሜኖቹ፣ ደቡቡን ይወጉ ለነበሩት ኮሚኒስቶች፣ ይሠራ ነበር። ዲዬም ላይ የደረሰው እዚሁ ግቢ ተደገመ ማለት ነው።

ለእኔ ግን ምርጡ ምድር ቤቱ ነው። በውትድርናዬ ሬዲዮ ኦፕሬተር ስለነበርኩ ይሆናል። ጠባብ የኮንክሪት መተላለፊያ፣ ግድግዳ ሙሉ ካርታ፣ የሬዲዮ ማሰራጫዎች፣ ቴሌክስ፣ በየቀለሙ የተደረደሩ ስልኮች። ከዚያ የፕሬዚዳንቱ አልጋ፤ አንድ ሰው ብቻ የሚይዝ። ላይኛው ፎቅ ላይ ሲኒማና የካርታ መጫወቻ ክፍል ያለው ሰው እዚህ እንደ ተረኛ መኮንን ነበር የሚተኛው። ቲዩ ጄኔራሎቹን ሲሾም ከችሎታ ታማኝነትን ያስቀድም ነበር እየተባለ ይወቀሳል። እውነት ነው፣ ጎድቶታልም። ግን ራሱ ገልብጦ የመጣ ሰው ማንን ይመን? በ1981 ዓ.ም. (ይህ ብቻ በእኛ አቆጣጠር ነው) መፈንቅለ መንግሥት የሞከሩትን የእኛን ጄኔራሎች ነገር ያየ ይህ አይጠፋውም።

ስለ ቢሮውና ስለ እንግዳ መቀበያ ሳሎኖቹ ብዙ አልልም፤ ያምራሉ። አርክቴክቱ ንጎ ቪየት ቱ ብርሃንና ነፋስ የማስገባቱን ነገር አሳምሮ ያውቅበታል።

አንድ እርማት አለኝ። ልጁ ግቢው ውስጥ የቆሙት ታንኮች ኤፕሪል 30 ቀን 1975 ሰሜኖቹ ሳይጎንን ሲይዙ በሩን የጣሱት እነዚያው ናቸው ብሎናል። አይደሉም። ዓይነታቸው አንድ ነው፤ ዋናዎቹ ሃኖይ ናቸው። በዚያ ቀን ቲዩም እዚህ አልነበረም። ኤፕሪል 21 ደጋፊው የነበረችውን አሜሪካን በቴሌቪዥን እየወቀሰ ሥልጣን ለቆ ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ታይዋን ሄዷል። በ2001 ቦስተን ሞተ። እዚህ ቆይቶ እጅ የሰጠው የሁለት ቀን ፕሬዚዳንት የነበረው ዱዎንግ ቫን ሚን ነው። በ1963 ዲዬምን የገለበጡትን ጄኔራሎች የመራው ይኸው ሚን ነበር! እንዲህ ያለ ታሪክ ትቶ ገበያ የሚወስድ አስጎብኚ ምን ይባላል?

ቤቱ ከአምስት አምስት፣ ድርጅቱ ከአምስት አንድ። ጠዋት ሂዱ፤ ቡድኖቹ ሳይመጡ መጀመሪያ ምድር ቤቱን ጨርሱ። መተላለፊያው ሲሞላ ቆሞ ማየት አይቻልም።